ክሩን ሦስቴ የምታዞር እጅ

የግራ እጄ የቀለበት ጣት አትታጠፍም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እመት ታቢታ ክሌይ በዱላዋ ሰበረቻት። ጥፋቴ በሥራ ሰዓት አንገቴን ቀና አድርጌ በመስኮት የሚያልፍ ፈረስ ማየቴ ነበር። እናቴ ጣቴን በጨርቅ አሰረችና በማግስቱ መልሳ ወደዚያው ሰደደችኝ። ጨካኝ ሆና አይደለም። በእንግሊዝ አገር በምትገኘው መንደራችን በዊልበርን ዳንቴል የማይሠራ እጅ ዳቦ አይቆርስም፤ የዳንቴል ትምህርት ቤት ደግሞ የእመት ታቢታ ብቻ ነበር።

ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። በዚህች ጣት ምክንያት ሦስት ሰው ስለ ሞተ ነው።

ዳንቴላችንን የምንሠራው ጭናችን ላይ በምናስቀምጠው ጠንካራ ትራስ ላይ ነው። ክሩ የሚጠቀለለው ጣት በምታህል የአጥንት ቀሰም ላይ ነው። ቀሰም ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ የአንድ ክር አንዱ ጫፍ በአንዷ፣ ሌላው ጫፍ በሌላዋ ይጠቀለላል። ብቻዋን የቀረች ቀሰም ለምንም አትሆንም። ጠርዝ ላይ ሲደረስ ክሩን ሁለቴ አዙሮ በስፒል መያዝ ነው ወጉ። የእኔ ጣት ግን ስለማትታጠፍ ክሩ ይላላብኛል፤ ስለዚህ ሦስቴ አዞራለሁ። ነጋዴው አያየውም፤ ለልጇ ሠርግ የምትገዛው እመቤትም አታየውም። እመት ታቢታ ግን ከበሩ ሆና ታየው ነበር።

እናታችን ታናሽ እህቴን ዶርካስን ስትወልድ ሞተች። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እመት ታቢታ ጋ አልላክኋትም፤ እቤት ትራሷን ከትራሴ አጠገብ አድርጌ እኔው አስተማርኳት። ጣቶቿ ጤነኞች ነበሩ፤ ግን ከእኔ ስለ ተማረች እሷም ሦስቴ ታዞራለች።

«አንቺ እኮ ጣትሽ ደህና ነው፤ ሁለቴ ይበቃሻል» እላታለሁ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ እጄ የሚሰማው እጅሽን ነው፤ አፍሽን አይደለም» ትለኝ ነበር።

እኔ ፖሊስ አገባሁ። ባሌ ሲሞት ሳጅን ዊልሞት አዝኖልኝ የጣቢያው ሴት ፈታሽ አደረገኝ። ሴት በተያዘች ቁጥር እኔ እፈትሻለሁ፤ የሴት ሬሳ ሲገኝም ልብሱን የማወልቀው፣ ቁስሉን የማየው እኔ ነኝ። መርማሪ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። በስድስት ዓመት ውስጥ ባሏን በመርዝ የገደለችውንም፣ የወፍጮ ቤቱን ሕፃን የሰረቀችውንም ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ምስጋናውን የበላው ግን ሳጅኑ ነው። ይብላው፤ ሆዱን አይታችሁታል።

ዶርካስ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ፊቢ። ባሏ የባቡር ሐዲድ ልቆፍር ብሎ ወደ ሰሜን ሄዶ እዚያው ቀልጦ ቀረ። ፊቢ ስድስት ዓመት ሲሞላት ዶርካስ ለድንች ለቀማ ወደ እርሻ መውጣት ነበረባትና ልጅቷን እንድጠብቅላት ለመነችኝ። እኔ ጣቢያ እውላለሁ አልኳት። «እመት ታቢታ ዘንድ ትዋል፤ አንድ ክረምት ነው፤ እኔም ውዬ ወጥቻለሁ» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚች ባልታጠፈች ጣት እያመለከትኩ።

እመት ታቢታ ልጅ ስትቀጣ አንገቷን ይዛ አፍንጫዋን ትራሱ ላይ ከተተከሉት ስፒሎች ጋር ታፋትጋለች። ሁላችንም ቀምሰነዋል። የፊቢ አፍንጫ ግን አመረቀዘ፤ በስምንተኛው ቀን አፏ አልከፈት አለ። መንጋጋ ቆልፍ ነው አለ ሐኪሙ። አራት ቀን ተሠቃይታ ሞተች። የሞት መርማሪው ዳኛ «የእግዚአብሔር ፈቃድ» ብሎ ጻፈ። ሳጅን ዊልሞትን «እሰራት» ስለው፣ «መምህርት ተማሪዋን በቀጣች የትኛው ሕግ ነው የሚከሳት?» አለኝ። ዶርካስ አላለቀሰችም። ከፊቢ ሁለት ቀሰሞች አንዷን የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ በልጅቷ መዳፍ አስጨበጠቻት፤ ሌላዋን ደረቷ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አለፈ። ንግሥቲቱ ባሏ ሞቶባት ጥቁር በለበሰች በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመት ታቢታ ተገድላ ተገኘች።

ሲጠሩኝ ሮጬ ሄድኩ። ምድጃው ፊት በደረቷ ተደፍታለች፤ የራስ ቅሏ ከኋላ ተከፍቷል፤ የእሳት መቆስቆሻው ብረት አጠገቧ ወድቋል። ገዳይ ነው የተባለውም ተይዟል። ቀሰም ቀራጩ ሳይላስ ኮክስ፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ከምላሱ በቀር ጠላት የሌለው ሰው። ባለፈው ሳምንት እመት ታቢታ የቀረጻቸውን ቀሰሞች መንገድ ላይ በትና «ሰካራም» ብላ አዋርዳው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ሲገባ ታየ፤ ወዲያው እጁ በደም ተነክሮ እየጮኸ ወጣ።

የጎረቤቷ የጫማ ሰፊው ሚስት አፏን አላሳረፈችም፤ «እኔ በዚህ በግድግዳው በኩል የቀሰሟን ቋ ቋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስሰማ ነበር! በሕይወት ነበረች ማለት ነው! ሳይላስ ሲገባ ነው ድምፁ የጠፋው!»

«ጉዳዩ አለቀ» አለ ሳጅን ዊልሞት።

እኔ ሬሳውን ነካሁ። እጇ በርዷል፤ አንገቷም መገተር ጀምሯል። እሳቱ ሳይጠፋ፣ ክፍሉ ሞቆ ሳለ፣ በግማሽ ሰዓት እንዲህ የሚሆን ሬሳ አላየሁም። ጥግ ላይ የመታጠቢያ ሳህን አለ፤ ውሃው ቀልቷል።

«ሳጅን፣ ይኼ ሰው ታጥቦ ከሆነ እጁ ላይ ደም እንዴት ተገኘ?»

«ታጥቦ ደግሞ ነካት! አሁን አንቺ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?»

ከዚያ ትራሱን አየሁ። መስኮቱ ሥር በመቀመጫው ላይ ነበር፤ ነጭ የክርስትና ቆብ ጠርዝ፣ ግማሹ ተሠርቶ። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ቆጠርኩ። ሁለት ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሁለት ዙር። የመጨረሻው ሦስት ጣት የሚያህለው ላይ ሲደርስ ግን ይለወጣል። ሦስት ዙር። ሦስት። ሦስት። ክሩ ላይ አንዲት የደም ጠብታ የለም።

ገዳይ ስትሸሽ እጇን አትታጠብም፤ ከታጠበችም ልትሸሽ ነው። ይህቺ ግን የታጠበችው ነጭ ክር ልትነካ ነው። በቆሸሸ እጅ ክር መንካት ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተገረፍንበት ነገር ነው፤ ሰው ገድለን እንኳ አንረሳውም። ጎረቤቲቱ የሰማችው የእመት ታቢታን ሥራ አልነበረም፤ ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚሠራ የሌላ ሰው እጅ ነበር። ከዚህ ዓለም ሰው ደግሞ ሦስቴ የሚያዞር ሁለት ብቻ ነን።

ትራሱን ይዤ ቆምኩ።

«አንቺ ኬዛያ!» አለ ሳጅኑ። «ሬሳ እዪ አልኩሽ እንጂ ዳንቴል ግዢ አልኩሽ?»

ፖሊሶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሬሳውን ገነዝኩና ምንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለእኔ እውነቱ ገና ሳያድር ጠርቶ ነበር፤ ያልጠራው እኔ የማደርገው ነው። ብናገር በእጄ ያሳደግኳት ልጅ ትሰቀላለች። ዝም ብል ያልገደለ ሰው ይሰቀላል። ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ዶርካስንም አላየኋት፤ ባያት የማውቀው ነገር እውነት የሚሆን መሰለኝ። የቅድስት ካትሪን ቀን፣ የእኛ የዳንቴል ሠራተኞች በዓል፣ ኬኩ ሳይጋገር አለፈ። ሌሊት ሌሊት አሮጊቷ ሞት ይገባት ነበር እላለሁ፤ ጠዋት ጣቢያ ስገባ ሳይላስ በፍርግርጉ ውስጥ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ዳቦና የአሳማ ስብ ይዤለት ገባሁ።

«ወይዘሮ ኬዛያ፣ ሥጋዬን እያደለብሽው ነው፤ ገመዱ እንዳይበጠስ» አለኝ።

«ዝም በል፣ ብላ።»

«አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ታውቂያለሽ፣ በዚህ አገር ሰው በተሰቀለ ቁጥር ስሙን ቀሰም ላይ የምቀርጽ እኔ ነኝ። ሴቶቹ ለማስታወሻ ይሻሙበታል። ባለፈው ዓመት ለተሰቀለው ፈረስ ሻጭ ሰማንያ ቀረጽኩለት፤ ምን የመሰለ ሥራ! አሁን የእኔን ማን ይቀርጻል? ያ በኦልኒ ከተማ ቀሰም የሚቀርጸው ልጅ እንደሆነ እጁ ዶማ ነው።» ሳቀ። ከዚያ ዳቦውን አስቀመጠና ድምፁ ተለወጠ። «እኔ እኮ ቀና ላደርጋት ብዬ ነው የነካኋት። የወደቀች ሴት ዝም ብዬ ልለፍ? ሰው ማንሳት ወንጀል መሆኑን አላወቅኩም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ዶርካስ ቤት ሄድኩ።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ዶርካስ ጠረጴዛው ላይ የፊቢን ቀሚስ ዘርግታ ትተኩሳለች። አንገቷን አላነሳችም።

«ዘጠኝ ቀን ቆየሽ፣ እትዬ» አለች።

«ዶርካስ…»

«በማግስቱ ትመጫለሽ ብዬ በሩን አልቆለፍኩም። ትራሱን ሳታዪው አትቀሪም። ሌላው ቢያይ ዳንቴል ነው፤ አንቺ ስታዪው ስሜን ታነቢዋለሽ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ለምን ሠራሽው? ትተሽው ብትሄጂ ማን ያውቅ ነበር?»

መተኮሻውን ብረት አስቀመጠች። «ልገድላት አልሄድኩም፤ ብታምኚኝ። ልጄ ምን አጠፋች ብዬ ልጠይቃት ሄድኩ። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ጠርዙ ላይ ሦስቴ ታዞራለች። ሁለቴ ነው ብዬ ስነግራት እናቴ ያስተማረችኝ ሦስቴ ነው አለች። አፏን የሚዘጋ ነገር ያስፈልጋት ነበር› አለችኝ። አፏን፣ እትዬ! አራት ቀን የተዘጋውን አፏን!»

እኔ ያን ጊዜ ጣቴን አየኋት። ጭኔ ላይ ቀጥ ብላ ተኝታለች።

«ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ እሳቷን ልትቆሰቁስ ጎንበስ አለች፤ እኔ የለሁም ያህል። ብረቱን ከእጇ ቀማኋት። የማስታውሰው አንዱን ምት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደ መታኋት ግን አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ ቁስል ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ።»

«አራት» አልኩ።

«አራት።» ራሷን ነቀነቀች። «ከዚያ እጄን ታጠብኩ። ትራሷ ላይ ተቀመጥኩና የልጄን ዙር ሠራሁበት። ከቤቷ አንድ ጠርዝ እንኳ እንደ ፊቢ ሆኖ ይውጣ ብዬ ነው። ኮቴ ሰምቼ በጓሮ በር እስክወጣ ስንት ሰዓት እንደ ተቀመጥኩ አላውቅም። ሰላም ሰላም አለኝ። ልጄ ከሞተች ወዲህ ሰላም ያገኘሁት ያኔ ብቻ ነው።»

አቀፍኳት። ሕፃን ሳለች እንደማደርገው ጭንቅላቷን አንገቴ ሥር ወሸቅሁና ሁለታችንም አለቀስን። ልጇ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ ሰማኋት፤ የእሷ ልቅሶ ብቻ አልነበረም፤ የፊቢም የእኔም ነበር።

«ስሚኝ» አልኳት እንባዬን ጠርጌ። «ነገ ጠዋት ባቡር አለ። ሊቨርፑል ድረስ ሂጂ። መርከብ ላይ ስትወጪ እኔ ለሳጅኑ እናገራለሁ፤ ሳይላስም ይፈታል።»

«ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?»

«ዙሩ ሦስት ነው፣ የዶርካስ እጅ ነው እለዋለሁ።»

በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «ሞኟ እህቴ። ሦስቴ የሚያዞር ሁለት እጅ ነው ያለው። እኔ ከሌለሁ የሚቀረው የትኛው ነው? ደግሞ ጣትሽን የሰበረችው እሷ ናት፤ አገር የሚያውቀው ቂም ነው። ሳይላስን አውጥተው አንቺን ያስገባሉ።»

አላሰብኩትም ነበር። የሰውን ነገር ስፈታ የምኖር ሴት የራሴን አላየሁም።

«እኔም ደክሞኛል፣ እትዬ። እግሬ አልሄድ ብሎኝ እንጂ ለሳይላስ ስል ገና ድሮ እመጣ ነበር። ጣቢያው በር ደርሼ ሁለቴ ተመልሻለሁ። ብቻዬን አልቻልኩም፤ አንቺ ክንዴን ብትይዢኝ እደርሳለሁ።»

ቀሚሱን ተኩሳ ጨረሰች፤ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ አስገባችው። እሳቱን አዳፍና ወጣን። ክንዷን ያዝኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን እንዲረዝም እየጸለይኩ ነበር። የጫማ ሰፊው ሚስት በመስኮቷ ሆና «የት ነው እህትማማቾቹ እንዲህ ተያይዛችሁ?» አለች። «ሳጅኑ ጋ» አለቻት ዶርካስ፤ ደህና ዋይ የምትል ያህል።

ሳጅን ዊልሞት ቃሏን ሲሰማ ፊቱ ነጣ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ኬዛያ… ሕጉ… እስረኛ ሳትፈተሽ አትገባም። ሌላ ሴት ላስጠራ?» አለኝ።

«ሌላ ሴት አትነካትም» አልኩት።

በሩን ዘጋሁ። የእህቴን ቀሚስ ፈታሁ። በሕይወቴ ስንት ሴት ፈትሻለሁ፤ እጄ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። ያጠብኩት ገላ ነው። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ከዛፍ ስትወድቅ ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ደረቷ ላይ በክር የታሰረች ነገር አገኘሁ፤ የፊቢ ቀሰም፣ ስሟ የተቀረጸባት፣ ጥንዷ ከልጅቷ ጋር የተቀበረችው። አጥንቷ በገላዋ ሙቀት ሞቃለች።

ዶርካስ አየችኝ ብቻ።

«ምን ተገኘ?» አለ ሳጅኑ ከበሩ ማዶ።

«ምንም» አልኩ። በፈታሽነት ዘመኔ የዋሸሁት ያኔ ብቻ ነው። ቀሚሷን መልሼ ቆለፍኩላት።

ችሎት ፊት ጥፋተኛ ነኝ አለች። ጠበቃው ቃሏን ሊያስተዋት ሞክሮ ነበር፤ አልሰማችውም። ዳኛው ምሕረት ይደረግላት ዘንድ ወደ ለንደን ጻፈ፤ ከለንደን የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር። በመጨረሻው ቀን ስሰናበታት ቀሰሟን ከደረቷ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«እዚያ ይወስዱብኛል። አንቺ ያዢልኝ። ነገ ደግሞ እንዳይሽ ከፊት ቁሚ፤ አታልቅሺ፤ ካለቀስሽ እኔም እፈራለሁ።»

ከፊት ቆምኩ። አላለቀስኩም። ከኋላዬ ሰው እየተጋፋ ብርቱካን ይልጥ ነበር። አንዱ ሻጭ ገና ሳትወጣ ስሟ የተቀረጸበትን ቀሰም በቅርጫት ይዞ «ዶርካስ! የተሰቀለችው ዶርካስ!» እያለ ይዞራል። እሷ ግን እኔን ብቻ ታይ ነበር። እጆቿ ታስረው ሳለ ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ምን እንደሚሠሩ ያወቅሁት። ከዚያ ቆሙ።

ፋሲካ አልፎ አንድ ቀን ሳይላስ ቤቴ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ያ ምላሱ የት እንደ ሄደ እንጃ።

«ነጋዴው መቶ ቅረጽ ብሎኝ ነበር» አለ። «በስሟ። አልቀርጽም አልኩት። ያ የኦልኒው ልጅ ነው የቀረጸው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሰጠኝ የለም፤ ግድ የለም፤ አንገቴ አለ።» ከኪሱ አንዲት ነጭ ቀሰም አወጣ። አንድም ፊደል የለባትም፤ እንዲያው ለስላሳ ናት። «ይቺን ለአንቺ ሠራኋት። የምትፈልጊውን ንገሪኝና እቀርጽባታለሁ።»

ብዙ አሰብኩ። «እንዲሁ ተዋት» አልኩት።

ሲሄድ ትራሴን አወጣሁ፤ ፊቢ ከሞተች ወዲህ ነክቼው አላውቅም። እጄን ታጠብኩ። አንድ ረጅም ክር ወስጄ ጫፉን በፊቢ ቀሰም ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ስም በሌላት ላይ ጠቀለልኩ። በመስኮቱ ብርሃን ተቀምጬ መሥራት ጀመርኩ። ጠርዙ ላይ ስደርስ ሁለቴ ለማዞር ሞከርኩ፤ ሁለቴ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በሕይወት ይኖሩ ነበር። ክሩ ላላብኝ። ሦስተኛውን አዞርኩና ስፒሉን ተከልኩ።